‹‹በቀጣይ ይሟላል››

አማርኛችን አንዳንዴ ከኛ ከተናጋሪዎቹ የበለጠ ያውቃል። ‹‹መሠረተ ልማት›› የሚለውን ቃል ውሰዱ። ውሃን፣ መንገድን፣ መብራትን፣ የፍሳሽ መስመርን በአንድ ከረጢት ከትቶ ‹‹መሠረት›› ይላቸዋል። መሠረት ደግሞ፣ ግንበኛ ጎረቤት ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቀድሞ የሚቆፈር፣ ቀድሞ የሚሞላ ነገር ነው። ጣራ ከመታ በኋላ መሠረት የሚያወጣ ግንበኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። በቤት ግንባታ ዜናዎቻችን ውስጥ ግን በየጊዜው አነበዋለሁ። ግድግዳው ይቆማል፣ ጣራው ይለብሳል፣ ቀለሙ ይቀባል፣ ዕጣው ይወጣል፣ ቁልፉ ይታደላል። ከዚያ በዜናው የመጨረሻ አንቀጽ ላይ ያቺ የማትቀር ዓረፍተ ነገር ብቅ ትላለች፤ ‹‹መሠረተ ልማቱም በቀጣይ ይሟላል››።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለጀማሪ ተማሪዎች የምሰጠው አንድ መልመጃ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ያዙና ባለቤቱን ፈልጉ እላቸዋለሁ። ማን? ምን አደረገ? መቼ? ‹‹ይሟላል›› የሚለውን ግስ በዚህ ወንፊት ብንነፋው የሚቀርልን ነገር የለም። የሚያሟላው ሰው የለበትም። ጊዜው ‹‹በቀጣይ›› ነው፤ ‹‹በቀጣይ›› ደግሞ በኛም በፈረንጆቹም ካሌንደር ላይ አይገኝም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። እስኪሟላ ድረስ ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ ይቆያል? ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ስለዚያ ትከሻ ነው።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ኮንዶሚኒየምን በጅምላ ከሚያጥላሉት ሰዎች ወገን አይደለሁም። አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ሰባት ሆኖ የኖረ፣ ለአሥር አባወራ በተቆፈረ አንድ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ተራ የጠበቀ ሰው የራሱን በር በራሱ ቁልፍ ሲከፍት ምን እንደሚሰማው ለመገመት ብዙ ምናብ አይጠይቅም። በአዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም. ለቤት የተመዘገበው ሰው ከ450 ሺህ በላይ ነበር። በ2005 ዓ.ም. በድጋሚ ምዝገባ ሲካሄድ ቁጥሩ ከ900 ሺህ አለፈ። 10/90፣ 20/80፣ 40/60 የሚባሉት ክፍልፋዮች ከሒሳብ ደብተር ወጥተው የሠርግና የፍቺ ወሬ እስከመሆን የደረሱት ወድጄ ነው ብሎ አይደለም፤ ቤት ስለሌለ ነው። መንግሥት ቤት መሥራቱ ተገቢ ነበር። ጥያቄዬ ‹‹ቤት›› ብለን የምንቆጥረው ምኑን ነው የሚለው ነው።

እስቲ ወደ ከተማው ዳር እንውጣ። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። እነዚህን ስሞች ዛሬ ስንሰማ ትዝ የሚለን የሕንፃ ሰልፍና የታክሲ ወረፋ ነው። ‹‹ሳይት›› ከመባላቸው በፊት ግን ብዙዎቹ የገበሬ መሬት ነበሩ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለው ሜዳ ጥቁር መረሬ ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ምስር የሚያበቅል አፈር። ክረምት ሲገባ ያብጣል፤ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ የከብት እግር ይውጣል። መሐንዲሶች ይህን አፈር አይወዱትም። አስፋልቱን ያነሣዋል፣ ይጥለዋል፤ ቧንቧውን ያጣምመዋል። ስለዚህ ጠርገው አውጥተው በሌላ አፈር ይተኩታል። ገበሬው ደግሞ የሚወደው እዚያው መሐንዲሱ በሚጠላበት ምክንያት ነው፤ ውሃ ይይዝለታል፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ሽምብራውን በዚያው እርጥበት ያደርስለታል።

አምና ከነዚህ ሳይቶች በአንዱ ግርጌ ባለች መንደር ለቀብር ሄጄ ነበር። ስሟን አልጠራም፤ ብጠራት ነገሩ የአንዲት መንደር ብቻ ይመስላል። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ከኛ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ ተደርድረዋል። ወሬ ለመጀመር ያህል ‹‹አባባ፣ ምንጩ ደረቀባችሁ አሉ›› አልኳቸው።

‹‹ኧረ አልደረቀም ልጄ›› አሉኝ። ‹‹ሰው በዛበት እንጂ።››

ከዚያ የምንጩን ሕግ ነገሩኝ። ማለዳ ለሰው፣ ረፋድ ላይ ለከብት። ከብት ወደ ዓይኑ አይጠጋም፤ ከታች ገንዳ ተሠርቶለታል። በዓመት ሁለቴ መንደሩ ወጥቶ ይጠርገዋል፤ የቀረ ይቀጣል። አጥሩን የሚያጥረው በተራ ነው። ልብስ ማጠቢያው ከገንዳውም በታች ነው። አየር ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ ሥርዓት አልነበረም፤ ምንጩ በቀን ስንት እንስራ፣ ስንት ከብት እንደሚችል የሚያውቁ ሰዎች በልክ የሰፉት ነው። የጋሪ መንገዱም እንዲሁ ነበር፤ ጋሪ እንዲችል ሆኖ የተሠራ መንገድ። አንድ ወፍጮ ቤት፣ አንድ ጤና ኬላ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ እድር። ይህ እንግዲህ መሠረተ ልማት ካልሆነ ምን ይሆናል? በማንም ፕላን ላይ ግን አልተሣለም። ፕላን ነዳፊው ካርታውን ሲዘረጋ መንደሯ ባዶ ቦታ ነበረች፤ ባዶ ቦታ ደግሞ መሠረተ ልማት ሊኖረው አይችልም።

ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር፣ መንደሩ መጨናነቅ የሚጀምረው ነዋሪው ሲገባ ሳይሆን ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ መሆኑን ነው። መጀመሪያ የሚመጡት ባለዕድለኞቹ አይደሉም። የቀን ሠራተኞቹ ናቸው፤ ግንበኛው፣ ፌሮ አሳሪው፣ ድንጋይ ተሸካሚው። በቆርቆሮና በሸራ መጠለያ ሠርተው ለዓመታት ይቀመጣሉ። ይጠጣሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይጸዳዳሉ። የት? ሲሚንቶውም ይጠጣል። ኮንክሪት ተሞልቶ ዝም አይባልም፤ እንዳይሰነጠቅ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። የከተማው መስመር እስኪደርስ ይህ ሁሉ ውሃ በቦቴ ይመላለሳል፣ ወይም ቅርብ ከተገኘው ምንጭ ይቀዳል። ሲኖትራኩ ጠጠርና አሸዋ ጭኖ የሚያልፈው በዚያችው የጋሪ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ክረምት ላይ መንገዷ ጭቃ ትሆናለች፤ ሁለተኛው ላይ ቦይ። እና ገበሬው ጤፉን ወደ ገበያ የሚያወጣበት መንገድ የጠፋው ገና አንድም ሰው ቁልፍ ሳይረከብ ነው። በየትኛው ሪፖርት ላይ ተጻፈ? ‹‹የግንባታ አፈጻጸም›› በሚለው ውስጥ በመቶኛ ታልፏል።

ካሣውስ? ካሣ አለ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ይል ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ማባዣውን ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። ከ10 ወደ 15 መውጣቱ ጥሩ ነው፤ አልነቅፍም። ነገር ግን ሒሳቡ የሚያውቀው መሬቱን የለቀቀውን ነው። መሬቱ ያልተነካበት፣ ቤቱ ያልፈረሰበት፣ ከሳይቱ አጥር በአምሳ እርምጃ ርቀት የቀረው ገበሬስ? እሱ ከወረቀቱ ውጪ ነው። ምንም አልተወሰደበትማ! የተወሰደበት ተራው ነው፤ የምንጭ ተራው፣ የጤና ኬላ ተራው፣ ልጁ ትምህርት ቤት የሚቀመጥበት የዴስክ ተራ።

አሁን ደግሞ ዳገቱን ወጥተን ወደ ሕንፃዎቹ እንግባ። እዚያ ያለው ሰው ጠላት አይደለም። ብዙ ጊዜ ነገሩን ገበሬና ከተሜ የተፋጠጡበት አስመስለን እንጽፈዋለን፤ ቀርቦ ላየው ግን ሁለቱም አንድ ቦኖ ላይ ተሰልፈዋል።

አራተኛ ፎቅ የሚኖር ወዳጅ አለኝ፤ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሊፍት የለም፤ ባለ አራት ፎቁ ሲታሰብም አልታሰበለትም። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም የራሱ ጠባይ አለው። እስቲ በቀላሉ እናስላው። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብንል፣ ይህም ለመጠጥ፣ ለምግብና ለመታጠቢያ ብቻ የሚሆን እጅግ ዝቅተኛ መጠን ነው፣ ለአምስት ቤተሰብ 100 ሊትር ይሆናል። አምስት ጄሪካን። 100 ኪሎ። በየቀኑ፣ አራት ፎቅ ሽቅብ። በሳምንት 700 ኪሎ። ይህን ማን ይሸከማል? አባወራው ሥራ ነው፤ ቢመለስም ወገቡን ያመዋል (ወገብ እንዴት የወንድ ብቻ እንደሆነ ይገርመኛል)። የምትሸከመው ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛ ናት፣ ወይም እናት፣ ወይም በጄሪካን ሒሳብ የሚከፈለው የሠፈር ጎረምሳ። ብዙ ጊዜም ያ ጎረምሳ አባቱ እዚያው ሜዳ ላይ ያርስ የነበረ ልጅ ነው።

ነገር ግን ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ አይደለም። የጎጆ ቤት ውሃ ባይኖረው ጎጆ ሆኖ ይኖራል። መጸዳጃው ጓሮ ነው፤ ውሃ አይጠይቅም። ልብስ ወንዝ ይወርዳል። ዘመናዊ ቤት ግን በተፈጥሮው ውሃ በሊታ ነው። የመጸዳጃ ቤቱን ገንዳ አንዴ ለመልቀቅ ብቻ 6 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ቤተሰቡ አምስት ከሆነ፣ ሰው በቀን ሦስቴ ቢገባ፣ 90 ሊትር እዚያ ብቻ ሄደ። ልክ ያን አራት ፎቅ የወጣ አምስት ጄሪካን የሚያህል። ስለዚህ ሰው ምን ያደርጋል? አይለቅም። ወይም ታጥቦ የተረፈውን ይደፋበታል። ያ ቤት እንግዲህ በወረቀት ላይ ባለ መታጠቢያና ባለ መጸዳጃ ነው። ውሃ የሌለው ኮንዶሚኒየም ውሃ ከሌለው ጎጆ ይብሳል የምለው ለማጋነን አይደለም።

መብራቱም ከውሃው ጋር የተጋባ ነው። ውሃው መሬት ላይ ካለው ሮቶ ወደ ላይ የሚወጣው በፓምፕ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። መብራት የሚጠፋው ደግሞ ቅዳሜ ነው። ለምን ቅዳሜ? አንድ ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስረድቶኛል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። 315 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚባለው ትራንስፎርመር ሌላ ምንም ባይሸከም እንኳ ዘጠና ምጣድ ገደማ አንድ ላይ ሲለኮስበት አበቃለት። ዘጠና ምጣድ ማለት ጥቂት ብሎኮች ማለት ነው። ቅዳሜ ደግሞ እንጀራ የማይጋገርበት ቤት የትኛው ነው? አብሲት ጥሎ ሊጡን ያሰናዳ ሰው ‹‹ሎዱ እስኪቀንስ›› ብሎ አይጠብቅም። የኢትዮጵያን ከተማ የሚያቅድ ባለሙያ ስለ ምጣድ ካላሰበ ስለ ምን ሊያስብ ነው? ለበግ ማረጃና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ መገልገያ ሕንፃ ያሰቡ ሰዎች፣ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ፣ ምጣዱን እንዴት እንደረሱት አይገባኝም።

ስለ ፍሳሽ አጠር አድርጌ ልለፍ፤ ቁርስ ላይ የሚያነቡኝ አሉ። የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ተስፋፍቶ በ2010 ዓ.ም. በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም ሲደርስ ትልቅ እርምጃ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው አቅም 10 ሺህ እንኳ አይሞላም ነበርና። ነገር ግን ማጣሪያ ያለ መስመር ማለት ድስት ያለ እሳት ነው። መስመሩ ያልደረሰበት ብሎክ ፍሳሹ ጉድጓድ ይገባል፤ ጉድጓዱ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይጠራል፤ መኪናው ሲዘገይ ፍሳሹ የሚያውቀውን አንድ ሕግ ያከብራል፤ ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁል ያለው ማን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። የክረምቱ ጎርፍም እንደዚያው ነው። ያ መረሬ የሚጠጣውን ዝናብ አሁን ቆርቆሮና አስፋልት ይቀበለዋል፤ ሳይጠጣውም ይለቀዋል። ‹‹ድሮ ዝናብ ሲጥል ማሳችን ላይ ነበር የሚጥለው›› አሉኝ እኒያ አዛውንት፣ ‹‹አሁን ከላይ ተጠራቅሞ ነው የሚላክልን››።

ይህ ሁሉ ሲሆን በአደባባይ ስለ ምን ተጨቃጨቅን? ስለ ቤቱ ባለቤት። ጭቅጭቁ መሠረት አልነበረውም አልልም። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ተቃውሞ አስነሥቶ፣ ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. መቅረቱ ተነገረ። በየካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ የኮዬ ፈጬ ነገር ኦሮሚያን ዳግም አነቃነቀ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ወሰን ተካለለ፤ ቱሉ ዲምቱ ወደ አዲስ አበባ፣ ኮዬ ፈጬ ወደ ኦሮሚያ ሆኑ። ሸገር ከተማ ሲመሠረት ኮዬ ፈጬ አንዱ ክፍለ ከተማው ሆነ። በዚያ ሁሉ ዓመት መግለጫውን፣ የአቋም መግለጫውን፣ የመግለጫውን መልስ ሁሉ አንብቤያለሁ። ‹‹ለማን ይሰጥ?›› የሚል እንጂ ‹‹ውሃው ከየት ይምጣ?›› የሚል ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ማግኘት ዓይን ያደክም ነበር። ሁለቱም ወገን የቆጠረው ቁልፍ ነው። አንደኛው የተሰጡትን፣ ሌላው የተወሰዱትን።

ገበሬው እኮ ለከተማዋ ውሃ ማካፈል አዲሱ አይደለም። ገፈርሳን፣ በ1962 ዓ.ም. የተገነባውን ለገዳዲን፣ ኋላ የመጣውን ድሬን፣ የአቃቂን ጉድጓዶች አስቡ። አዲስ አበባ ቧንቧዋን ስትከፍት የምትጠጣው ከዙሪያዋ መንደሮች ነው። ውሃው ከመንደር ወደ ከተማ ወርዶ፣ በፓምፕ ተመልሶ ወደ መንደሩ አናት፣ ወደ አራተኛ ፎቅ እንዲወጣ ስንጠይቀው መድከሙ ይገርማል?

በበኩሌ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም፤ የቆጠራ ለውጥ ነው። ቤት ተጠናቀቀ የሚባለው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቧንቧ ሲከፈት ውሃ የወረደ ቀን ይሁን። ሪፖርቱ ‹‹ይህን ያህል ሺህ ቤት›› ከማለት ‹‹ይህን ያህል ሺህ ውሃ የሚወርድበት ቧንቧ›› ይበል። ቁጥሩ ያንሳል፤ ይነስ። ሁለተኛ፣ ሳይት ከመከፈቱ በፊት መንደሩ ይቆጠር። ስንት ምንጭ፣ ስንት ቦኖ፣ ምን የሚችል መንገድ፣ ስንት ተማሪ የሚይዝ ክፍል። የመጀመሪያው ሲኖትራክ ከመግባቱ በፊት ለሠራተኛውና ለሲሚንቶው የራሱ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ሥራው ሲያልቅም ለመንደሩ ይቅር። ሦስተኛ፣ የዕጣ ውጤት በጋዜጣ ሲወጣ፣ ከስም፣ ከብሎክና ከቤት ቁጥር ጎን አንዲት አምድ ትጨመር፤ ‹‹ውሃ የሚገባበት ቀን››። ቀኑ ሲያልፍ የሚጠየቀው መሥሪያ ቤት ስምም እዚያው ይጻፍ፣ ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እንዲኖረው። ‹‹በጀት የለም›› የሚል ይኖራል። ለጄሪካን ተሸካሚ፣ ለቦቴ፣ ለመምጠጫ መኪና፣ ለሮቶና ለፓምፕ፣ ለተቃጠለ ፍሪጅ የሚወጣው ገንዘብ ግን እየተከፈለ ነው። በጀት ያልሆነው በየሰው ኪስ ስላለ ብቻ ነው።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። በመንግሥትም ይሁን በግል አልሚ፣ በአዲስ አበባ ዳርም ይሁን በክልል ከተሞች፣ የሥራው ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ ያው ነው። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የመዋኛ ገንዳ ይሣላል፤ ከሰሌዳው ሥር ባለች ቦኖ ላይ ቢጫ ጄሪካኖች ተሰልፈው ያድራሉ። ሥዕሉን ሳይሆን ሰልፉን እዩ እላለሁ ቤት ሊገዛ ለሚያማክረኝ ሁሉ። ሻጩ የማይነግራችሁን ጄሪካኖቹ ይነግሯችኋል።

ያ አራተኛ ፎቅ ያለው ወዳጄ ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። የብሎኩ ነዋሪዎች ተሰብስበው የእንጀራ መጋገሪያ ፈረቃ አውጥተዋል። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ሰኞ፣ ሦስተኛ ማክሰኞ፣ እነሱ ረቡዕ ሌሊት። ‹‹ሌሊት ስንት ሰዓት?›› አልኩት። ‹‹ከስምንት ሰዓት በኋላ›› አለኝ፤ ‹‹ያኔ ውሃም ትመጣለች፣ አንድ ላይ እንጨርሰዋለን››።